ድሬዳዋ ነኝ፤ ጥይት በራሱ የሚያጎርሰው የ.22 ጠመንጃዬ በየስንት ጥይት ይጸዳ? ቀለሁም (የተተኮሰው ጥይት ቀፎ) እየተሰነገ አስቸግሮኛል።

ከ300 እስከ 500 ጥይት ባለው አንዴ ይበቃሃል፤ በየተኩሱ መወልወል ትርፍ ድካም ነው። ቀለሁ እየተሰነገ ያስቸገረህ ግን በአፈሙዙ ምክንያት አይደለም፣ መዝጊያው ቆሽሾ ነው። የጥይቱ እርሳስ የተቀባው ሰም ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ይጋገራል። የዚህ ጠመንጃ መዝጊያ ወደ ኋላ የሚመለሰው በቀለሁ ግፊት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻም ያዘገየዋል።

ካዝናውን አውጣ፤ መዝጊያውን ስበህ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጥ። የመዝጊያውን ፊትና የጥይት መግቢያውን በጥርስ ብሩሽ ፈትግ። ቀለህ የሚስበው መንጠቆ ስር ያለውን ጥቁር ቅርፊት በስቴኪኒ ፈልፍለህ አውጣ፤ አብዛኛው ጣጣ እዚያ ነው። የአፈሙዙን ውስጥ ዒላማ መሳት ሲጀምር ብቻ ንካው።

ዘይት አታብዛ። የድሬ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ብረት የሚበላ ጭቃ ይሆናል፤ አንድ ጠብታ ቀብተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።