መልስ፦ የሺሽማሬፍ አሮጌ ካርታ ከሳተላይት ምስሉ ጋር ለምን አልገጠመም?

በአላስካዋ የደሴት መንደር በሺሽማሬፍ የባሕር ዳርቻው መስመር አልገጥም ያለህ በሁለት ምክንያት ነው። የድሮዎቹ የአላስካ 1፡63,360 ካርታዎች የተሠሩት በ1927ቱ የሰሜን አሜሪካ ዳተም (የቦታ መጋጠሚያዎች የሚለኩበት መነሻ) ነው፤ ወደ 1983ቱ ሳትቀይር ከደረብከው ከ100 ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። መጀመሪያ እሱን አስተካክል። የሚተርፈው ልዩነት ግን የእውነት ነው፤ ከሥር በረዶ ሆኖ የኖረው አፈር ሲቀልጥ ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላው ነው።

ለከፍታ አርክቲክዴምን (የአርክቲክ አካባቢ ዲጂታል የከፍታ ሞዴል) በነፃ አውርድ፤ የ2 ሜትር ጥራት አለው። ታዲያ (እኔም ተሸውጄበታለሁ) ቁጥሩ የሚለካው ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ) እንጂ ከባሕር ጠለል አይደለም። አማካይ የባሕር ጠለልን በሚወክለው በጂኦይድ ሞዴል ካላረምከው፣ እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ደሴት ላይ ጥቂት ሜትር ስህተት ቤቶቹን ባሕር ውስጥ ይከትብሃል ወይም ኮረብታ ላይ ይሰቅልብሃል። ጣሪያዎቹም እንደ ጉብታ ስለሚታዩ ኮንቱር (እኩል ከፍታን የሚያገናኙ መስመሮች) ከማውጣትህ በፊት አጥፋቸው።