ጫማው በር ላይ ነው፤ መጥቷል ማለት ነው

ባለፈው «ጠረጠረ፣ ገመተ፣ ደመደመ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው» ብዬ መጻፌ ነው ጣጣውን ያመጣው። የደብዳቤው ብዛት! ጥቂቱን እነሆ።

ባለቤቴ ሰሞኑን ስልኩን ደፍቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሲደወልለት በረንዳ ይወጣል። ሌላ ሴት እንዳለችው ደምድሜያለሁ። ቃሉን በትክክል ተጠቅሜያለሁ?

አልተጠቀምሽም፣ እህቴ። የተደፋ ስልክና በረንዳ ዕዳም ሊሆን ይችላል፣ የዕቁብ ጭቅጭቅም፣ ላንቺ ያልተነገረ የወንድም ሕመምም። ደመደመ የሚባለው እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ የጣለ ሰው ነው። አንቺ ጠርጥረሻል። መጠርጠር ነውር የለውም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? ለትዳሩ የጋብቻ አማካሪ ብታዪ ይሻላል፤ እኔ የቃል ሰው ነኝ።

«ድምዳሜ» እና «መደምደሚያ» አንድ ናቸው?

ድምዳሜ የተደረሰበት ሐሳብ ነው፤ መደምደሚያ የጽሑፉ ማለቂያ። መደምደሚያ ኖሮት ድምዳሜ የሌለው ጽሑፍ ሞልቷል።

ሜሪላንድ የምትኖር እናት፦ የልጄ የቤት ሥራ «ያልተጻፈውን ከተጻፈው ተነስታችሁ ድረሱበት» ይላል። በእንግሊዝኛ አንድ ግሥ ነው። በአማርኛ ላስረዳት ብል አንድ ቃል አጣሁ። ቋንቋችን ደሃ ነው እንዴ፣ ጋሼ?

ደሃስ አይደለም። የፈለግሽው ዕቃ ሌላ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ነው። «ደመደመ» የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ይይዛል፤ መዝጋቷን፣ መጨረሷን። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አማርኛ የሚናገረው በአንድ ግሥ ሳይሆን ግሡን በሚያረባበት መልክ ነው።

ከሥራ ትመለሻለሽ እንበል። ከውጭ ሆነሽ የሳሎኑ መብራት በርቶ ታያለሽ፦ «መጥቶ ይሆናል»። በሩ ላይ ስትደርሺ ጫማው ወልቆ ተቀምጧል፦ «ሳይመጣ አልቀረም»። ከፍተሽ ስትገቢ ጃንጥላው ወለሉን አርጥቦታል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ቡናው ይሸታል፦ «መጥቷል ማለት ነው»። እስካሁን ሰውየውን አላየሽውም። ካየሽውማ «መጥቷል» ብለሽ ታርፊያለሽ።

«ሳይመጣ አልቀረም»ን ደግሞ ዘርዝረሽ እዪው። ሁለት አሉታ ነው ያለው፤ «አልመጣም» የሚለውን አማራጭ አንስቶ ይጥለዋል። መንደር ለመንደር ሎጂክ ሲሠራ የዋለ ሕዝብ ሎጂክ ባዕድ ነው ሲባል እስቃለሁ። ልጅሽን ቃል አታሸምድጃት፤ ጫማ በር ላይ አስቀምጪና «ማን መጣ?» በያት።

እግረ መንገዴን የሆዴን ልናገር። «ማለት ነው» ከፊቱ ጫማ ይፈልጋል፤ ማስረጃ። አሁን ግን በየማይክሮፎኑ ምን እንሰማለን? «ስብሰባው ትናንት ተካሂዷል ማለት ነው። ተሳታፊዎች ምሳ በልተዋል ማለት ነው።» ከምን ተነስተህ ደረስክበት? እዚያው አልነበርክም? በቀደም ታክሲ ውስጥ አንድ የእግር ኳስ ተንታኝ ለአንዲት ጥያቄ ሲመልስ በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩና ጣት አለቀብኝ። ኳሷ ራሷ ገብታለች ማለት ነው እንጂ ገብታለች አይባልም! ቃሉ እንዲህ ማረፊያ ሆኖ ሲቀር፣ በእውነት የምንደመድምበት ቀን ሲመጣ በምን እንናገር?

አንድ የሕግ ተማሪ፦ ግምትን ከድምዳሜ በታች አደረግከው። በሕግ ግን ግምት ትልቅ ነገር ነው።

ተረትቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፅንስ የተጀመረው ከልደት በፊት ባለው 300ኛ ቀን ነው ብሎ ይገምታል፤ ተቃራኒ ማስረጃም አይቀበልም። ተወልዶ 48 ሰዓት የኖረ ሕፃንም በሕይወት ለመኖር የሚችል ሆኖ ይቆጠራል፤ እዚህም ክርክር የለም። እንዲህ ያለው ግምት ከስንቱ ድምዳሜ ይጠነክራል። ግብር ሰብሳቢው በ2009 ያወጣውን የቀን ገቢ ግምት የሚያስታውስ፣ ያኔ ደረጃ «ሐ» የሚባል አነስተኛ ግብር ከፋይ የነበረ ነጋዴ ፊት ግን «ግምት ትልቅ ነገር ነው» እንዳትል፤ መቆሚያ ታጣለህ።

ከሥራ የተሰናበተ ገንዘብ ያዥ፦ ደብዳቤው «ጉድለቱን የፈጸሙት እርስዎ መሆንዎ ስለተደረሰበት» ይላል። ማን ነው የደረሰበት?

በሰዋስው ከሄድን ማንም። «ደረሰበት» ሲባል ደራሽ አለ፤ «ከየት ተነስተህ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ተደረሰበት» ሲባል ደራሹ ይሰወራል፣ መንገዱም አብሮት። የቢሮ አማርኛ ይህን ግሥ የሚወደው በከንቱ አይደለም።

አሁን ሰዋስውን ተወው። እንደጻፍክልኝ ከተሰናበትክ ሁለት ወር አልፎሃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ይህን እንዳነበብክ ደብዳቤህን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። ነገ አትበል። አቅም ከሌለህ በአቅራቢያህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቅ። ስለ ግሡ ክሱ ከተከፈተ በኋላ እናወራለን።

«እንድምታ» ነው «አንድምታ»? ከድምዳሜስ በምን ይለያል?

«አንድምታ»። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ሲፈቱት የወጣ ቃል ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ አንድምታው ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው፤ የሚደመድመው ሰሚው ነው። «ጸሐፊው በውስጠ ወይራ ደመደመ» ብላችሁ የላካችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ ጸሐፊው ጠቁሟል፤ የደመደማችሁት እናንተ ናችሁ።

«ሐተታ» በየትኛው ሐ ይጻፋል?

በሐመሩ። ለአራተኛ ጊዜ።