ፋይልህን ሳታወጣ ዲስኩን አትጠግን

ወንድሜ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኡቡንቱህ (የኮምፒውተርህ ሲስተም) አልነሳ ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ፣ ማለትም መነሳቱን ሳይጨርስ፣ ቆሟል፣ የመመረቂያ ጽሑፍህም እዚያው ቀርቷል ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ «ኤፍኤስሲኬ በለው (የዲስክ ላይ ፋይል አደረጃጀትን የሚጠግን ትእዛዝ ነው)፣ ለጠየቀህ ሁሉ የስ በለው» ብለውሃል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን ያለችህንም ያጠፋብሃል። በእኔ ደርሷል።

አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረችኝ። ያው መልእክት ሲመጣ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይል ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ኤፍኤስሲኬን ለቀቅኩበት። የማይነበብ ቦታ ሲያገኝ «በላዩ ልጻፍበት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚያም የስ ብዬ ነበር። ማሽኑ ተነሳ፣ የእናቴ ፎቶዎች የነበሩበት ፎልደር ግን የለም። ፋይሎቹ «ሎስት ፋውንድ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ተከምረዋል፤ ስማቸው ጠፍቶ ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነዋል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስለይ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። አንዳንዶቹ ላይ ፊቷ ይታያል፣ ከአገጯ በታች ግራጫ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን አሁኑኑ አጥፋው። በሌላ ሰው ኮምፒውተር የኡቡንቱ ፍላሽ አዘጋጅና በእሱ አስነሳ። «ኢንስቶል» የሚለውን እንዳትነካ፣ «ትራይ ኡቡንቱ» በል። መጀመሪያ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የዲስኩን ጤና እይ፤ «ፔንዲንግ ሴክተር» (ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ ብዛት) ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩን አትመነው።

ጤነኛ ከሆነ ፓርቲሽኑን (ፋይሎችህ ያሉበትን የዲስኩን ክፍል) ለንባብ ብቻ ማውንት አድርግ፣ ማለትም ክፈተው። «ሪድ ኦንሊ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ኢኤክስቲ4 (ኡቡንቱ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያደራጅበት ስልት) ያልተጨረሰ ጆርናል፣ ማለትም የለውጥ መዝገብ፣ ካለው ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ማውንት ስታደርግ «ኖሎድ» የሚለውን አማራጭ ጨምርበት። ከዚያ ሆም ፎልደርህን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ።

ከታመመ ግን ዲዲሬስኪው፣ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጠው ፕሮግራም፣ ነው የሚያወጣህ። በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ ያወጣል፣ እምቢ ያለውን ቦታ በኋላ ይመለስበታል። «ማፕ ፋይል» (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት ፋይል) አዘጋጅለት፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ማፕ ፋይሉ ግን የውጭው ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ በፍላሽ ያስነሳኸው ሲስተም ላይ ካስቀመጥከው ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደግሞ እባክህ ከየት ወደ የት እንደምትገለብጥ ዲስኮችን በሚዘረዝረው በኤልኤስቢኤልኬ ትእዛዝ የዲስኮቹን መጠን እያየህ ሁለቴ አረጋግጥ። ካገላበጥከው የሚመለስ ነገር የለም።

ኤፍኤስሲኬን ያን ጊዜ ዲዲሬስኪው ባወጣው ቅጂ ላይ አሂደው። ሱፐርብሎኩ (የፋይል አደረጃጀቱ ዋና መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ) ተበላሽቷል ካለህ መጠባበቂያ አለው፤ ብሎኩ 4 ኪሎባይት ከሆነ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መጠባበቂያ ብሎክ ቁጥር 32768 ላይ ነው። ሁሉም እምቢ ካለ ፎቶሬክ የሚባለው ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም ቅጂውን አስሶ የዎርድና የፒዲኤፍ ፋይሎችን ሊያወጣልህ ይችላል፣ የፋይል ስም ግን አይመልስም። ከጽሑፍህ ውስጥ የማትረሳውን አንድ ሐረግ ይዘህ ፈልግ።

የስማርትሲቲኤሉን ውጤት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ዛሬ ማታ አለሁ፣ አብረን እናየዋለን።