ጥሩው ቀን እንዳያታልላችሁ

ልጆቼ፣ በወጣትነታችሁ ሐኪም «ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው» ላላችሁ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጠውና የሚቆረጥመው በሽታ ለያዛችሁ ነው የምጽፈው። እኔ ጅማ ውስጥ በሂሳብ ሥራ ነው ያረጀሁት። በሽታውም አብሮኝ አርጅቷል።

ስለ ቁርጥማቱ ሁሉም ያወራል፤ ስለ ድካሙ ግን የሚያነሳ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታችሁ ጠዋት ስትነሱ፣ በዝናብ የራሰ ጋቢ የደረባችሁ ያህል ይከብዳችኋል። ስንፍና አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚፈጠረው ብግነት፣ ማለትም እብጠቱና ማቃጠሉ፣ ራሱ ያደክማል። ደም ማነስም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል፤ ስለዚህ ድካሙ ሲበረታ ተመርመሩ።

መጥፎ ቀን አያሰጋኝም፤ እሱ ራሱ አስገድዶ ያስቀምጣችኋል። ተንኮለኛው ጥሩው ቀን ነው። «ዛሬስ ተሽሎኛል» ብላችሁ የከረመውን ሥራ በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። በማግስቱ ስኒ ማንሳት ያቅታችኋል። በጥሩ ቀንም ሥራውን ቆራርጡት። እረፍት ሳይደክማችሁ በፊት ነው፤ ከደከማችሁ በኋላማ ብታርፉም ቶሎ አይመለስም።

ሰኔ ለሂሳብ ሰው ክፉ ወር ነው። በጀት ይዘጋል፤ ጅማም ዝናቧን ትለቀዋለች። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። ስለዚህ ጠዋት ስልክ እደውላለሁ፣ ሰነድ አነባለሁ፤ መጻፉን ለረፋዱ አቆየዋለሁ። እስክሪብቶዬ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ አወፍረዋለሁ። ፋይል በጣቶቼ አንጠልጥዬ አልሄድም፤ በክንዴ አቅፌው ነው። የጅማ በርጩማ ውበቱ አያከራክርም፤ ለታመመ ጉልበት ግን ዝቅ ይላል። ቡና ሲጠሯችሁ ከፍ ያለ ወንበር ጠይቁ። ኮራች፣ ኮራ ይበሏችሁ!

«ትንሽ ጫት ቃም፣ ያነቃሃል» የሚል ባልደረባ በኛ ከተማ አይጠፋም። ያነቃል፤ አልዋሽም። ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብም ይዘጋል። የማግስቱ ድካም ድርብ ነው። ይልቅ አመሻሽ ላይ፣ ጉልበታችሁ በፈቀደው መጠን ወክ አድርጉ።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሙሉት። በማግስቱ የሚጫጫናችሁ ከሆነ፣ ወደ ዓርብ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ቅዳሜ ትተኛላችሁ። ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ደግሞ ከማርገዛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ብግነት አብራጅ ስቴሮይድም በራሳችሁ ከፋርማሲ አትግዙ፤ የታዘዘላችሁንም በድንገት አታቋርጡ።

አለቃችሁን «አሞኛል» ብቻ ብትሉት ምን እንደሚያደርግላችሁ አያውቅም። «እስከ አራት ሰዓት እጄ አይታዘዘኝም፤ ከዚያ በኋላ ጽፌ አደርሳለሁ» በሉት። ብዙዎቹ ይህን ይረዳሉ። ለማይረዳው ሕግ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ፈቃድ አለው። የሐኪም ማስረጃችሁን በጊዜው ለሰው ኃይል ክፍል አስገቡ፤ ኮፒውን ቤታችሁ አስቀምጡ።