ከልጆች ጋር በድንኳን ለማረፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ጊዜ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከወላጆች ናቸው። አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ ሆቴል መያዝ ስለሚከብድ፣ በድንኳን ወይም በሞባይል ሆም (ግቢው ውስጥ በቆመ ተንቀሳቃሽ ቤት) የሚያርፉበት ካምፒንግ እንዴት እንደሚመረጥ ይጠይቃሉ። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

በፈረንሳይ ባለ አራት ኮከብ ካምፒንግ ከባለ ሁለቱ ይልቅ ለልጆች ይሻላል?

የግድ አይደለም። ፈረንሳይ ካምፒንጎቿን ከ1 እስከ 5 ኮከብ ትመድባለች፤ ኮከቡ ስለ ግቢው መገልገያዎችና ስለ መስተንግዶው ይናገር ይሆናል እንጂ፣ የአራት ዓመት ልጅዎ ማታ ሽንቷ ሲመጣ ባትሪ ይዛ መኪና የሚመላለስበትን መንገድ ማቋረጥ ይኖርባት እንደሆነ አይነግርዎትም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የግቢውን ፕላን ያስልኩ፤ የሚሰጥዎትን ቦታ ቁጥርም ጠይቀው መጸዳጃ ቤቱ፣ መጫወቻው፣ ገንዳውና የመኪናው መንገድ የት የት እንደሆኑ በጣትዎ እየተከተሉ ይመልከቱ። ከመጸዳጃው ጋር የተጣበቀ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ የበር ድምፅና መብራት አለበት፤ ጥቂት ድንኳኖች ያህል ራቅ ያለው ይመረጣል።

ልጄ ሰፊ የዋና ቁምጣ ብቻ ነው ያለው። ገንዳ ያስገቡታል?

በፈረንሳይ አብዛኛውን ጊዜ አያስገቡትም፤ ከሰውነት ጋር የሚጣበቀውን ይግዙለት።

በፈረንሳይ በአርዴሽ ወንዝ ዳር፣ ውኃው ከድንኳኑ ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቅበት ርካሽ ቦታ አግኝተናል። እኔ ወደድኩት፣ ባለቤቴ ግን ፈራ። ማናችን ነን ትክክል?

ባለቤትዎ ናቸው። ነገሩን ሰፋ አድርጌ የምመልሰው፣ ካምፒንግ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው ብዬ ስለማምን ነው፦ ድንኳኑ የሚተከልበት መሬት ምን ዓይነት ነው? ውኃውስ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1996 በስፔን የፒሬኔ ተራሮች፣ በቢየስካስ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ካምፒንግ ላይ ከተራራው የወረደ ደራሽ ጎርፍ 87 ሰዎችን ገድሏል። ብዙዎቹ ለዕረፍት የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ካምፒንጉ የተሠራው የተራራው ፈፋ ለዘመናት ድንጋይና ደለል ሲያወርድበት በኖረ መሬት ላይ ነው፤ ቦታው ሜዳማና ለድንኳን የተመቸ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ ወንዝ እንደሚያስሞላ የአገራችን ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እኛ ግን በዕረፍት ቀን በፎቶግራፍ ውበት ተማርከን እንዘነጋዋለን።

ይህ ማለት አርዴሽ አይኬድም ማለት አይደለም። ከወንዙ ከፍ ብሎ የሚገኘውን ረድፍ ይምረጡ፤ ልጆቹ ቀን ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ ማታ ደግሞ ከፍታው ላይ ይተኛሉ። ፈረንሳይ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ ያሉ ካምፒንጎች የማስጠንቀቂያና የመውጫ መመሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ታስገድዳለችና፣ እንደደረሱ ማስጠንቀቂያው በምን እንደሚነገርና ሕዝቡ የት እንደሚሰበሰብ ይጠይቁ። ጥያቄው የሚያስከፋው ካምፒንግ ካለ ለቀው ይሂዱ።

ስለ መዋኛውም ልጨምር። ለእንግዶች ብቻ የተከለለ የካምፒንግ ገንዳ ብዙ ጊዜ ነፍስ አድን ጠባቂ የለውም። ሕፃን ሲሰምጥ ደግሞ አይጮኽም፤ እናት ሰላጣ እየከተፈች፣ አባት ስልክ እያየ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ትልቁ አደጋ አምስትና ስድስት አዋቂ ባለበት እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ መተማመኑ ነው፤ ስለዚህ ተራ ግቡ፣ ተረኛውም በስም ይታወቅ፣ ተራው እስኪያልቅ ስልክ አይንካ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ባሕሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅበት የጣልያን አድሪያቲክ፣ ለምሳሌ ቢቢዮኔና ካቫሊኖ፣ ከፈረንሳይ አትላንቲክ ዳርቻ ይልቅ ይስማማል። በዚሁ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ በላንድ አካባቢ፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀሩት ረጋ ያሉ የሚመስሉ ኩሬዎች ውኃው ሲለዋወጥ ሰውን ወደ ባሕር የሚጎትት ኃይለኛ ፍሰት አላቸውና፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ካልሆነ አይዋኙ። ዋና ደግሞ በደብዳቤ አይማሩትም፤ ልጆቹን ዛሬውኑ በሠፈራችሁ የመዋኛ ቦታ አስመዝግቧቸው።

የኤሌክትሪክ ምጣዳችንንና የቡና ከሰላችንን ይዘን ብንሄድስ?

ምጣዱን ቤት ይተዉት። ካምፒንጎች በአብዛኛው የሚሰጡት 6 ወይም 10 አምፔር ነው፤ ይህም በ230 ቮልት 1,380 ወይም 2,300 ዋት ማለት ሲሆን፣ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ገና ሊጡን ሳያፈሱ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራውን ጋግረው ይዘው ይሂዱ፤ ሰማያዊውን ባለ ሦስት እግር የካምፒንግ መሰኪያም አይርሱ።

ከሰሉን በተመለከተ፣ በደቡብ አውሮፓ በበጋ እሳት በብዙ ቦታ የተከለከለ ስለሆነ ቡናውን ቤት ቆልተው በጋዝ ያፍሉት። ዝናብ ቢመጣ፣ ብርድ ቢሆን፣ ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ የጠፋ የሚመስል ፍምም ቢሆን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ የተኛ ቤተሰብም ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፣ 112 ደውሉ።

ዕረፍታችን ከፍልሰታ ጾም ጋር ገጠመ። የት ይሻለናል?

ጾሙ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ በአውሮፓ የዕረፍት ወቅት መካከል ይውላል። ስዊድንና ዴንማርክን አስቡ፤ በዚያ ካምፒንጎች የጋራ ወጥ ቤት ማግኘት የተለመደ ስለሆነ ሽሮውንና ምስሩን እንደ ልብ ይሠሩታል። የአገሩ ልጆች በኦገስት አጋማሽ አካባቢ ወደ ትምህርት ስለሚመለሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቦታውም ይለቃል።

ልጄ የምትጓዘው በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ድንበር ያሳልፏታል?

የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የጀርመኑ ካምፒንግ በር ላይ ሁለት ሰዓት አስቆሙን። ይህ ንቀት አይደለም?

አይደለም። እዚያ ብዙ ካምፒንጎች ከ13 እስከ 15 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ስላላቸው መኪና አያስገቡም፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይድረሱ።

በደቡብ ጀርመን መዥገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ለሁለት ሳምንት ያን ያህል ያሳስባል?

አዎን። በደቡብ ጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊድን የአንጎል ብግነት የሚያስከትል ቫይረስ በመዥገር ይተላለፋል፤ ክትባት አለው፣ ነገር ግን ሙሉ መከላከያ የሚሰጠው በወራት ልዩነት ተከፋፍሎ ስለሆነ ሻንጣ ሲዘጋ የሚታሰብ አይደለም። መዥገር ከሚያስተላልፈው ሌላ በሽታ፣ «ላይም» (Lyme) ከሚባለው ግን አይከላከልም። ስለዚህ የልጆቹን ሐኪም በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ፤ ጎረቤት ስለ ክትባት የነገረችዎት አይበቃም። እዚያ ሳሉ ማታ ማታ ብብት፣ ጉልበት ሥር፣ ከጆሮ ጀርባና የፀጉሩን ሥር ይፈትሹ፤ የተጣበቀውን ዘይት ሳይቀቡ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉ። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካዩ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በኖርዌይ ሳይከፍሉ ድንኳን መትከል ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቀው፣ ባልታረሰ መሬት ላይ እስከ ሁለት ሌሊት ማደር ይቻላል። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ግን ጫካ ውስጥና ጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ዳይፐር ያልለቀቀ ሕፃን ካለ መታጠቢያ ያለው ካምፒንግ ይያዙ።