የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «አውቶማቲክ»ን በትክክል ለመዝፈን

ጥያቄ፦ የጃፓናዊቷን ኡታዳ ሂካሩ «አውቶማቲክ» ለመዝፈን ግጥሙን በፊደላችን ጽፌ ይዣለሁ። ሳነበው አልሳሳትም፤ ሙዚቃው ሲጀምር ግን ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ይቀድመኛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የጻፉት እንደ ቃሉ ነው፤ እሷ የምትዘፍነው ግን ቃሉን ሰብራ ነው። ዘፈኑ የሚጀምረው «ናናካይሜ ኖ ቤሩ ዴ» ብሎ ነው፤ «ስልኩ ሰባተኛ ጊዜ ሲጠራ» ማለት ነው። እሷ ግን «ና» ብላ ታቆምና «ናካይሜ ኖ ቤ» ትላለች፤ ደግሞ ታቆምና «ሩ ዴ ጁ»፣ ከዚያ «ዋኪ»። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ጁዋኪ»፣ የስልክ እጀታ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፈለ። ይህን በታኅሣሥ 1998 (እ.ኤ.አ.) ስታወጣ ዕድሜዋ 15 ነበር። ቃል ሳይቆራረጥ መስማት የለመደ ጆሮ የደነገጠው በዚህ ነው፤ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ስሜቱም ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን ሞልተው ከዘፈኑት ዜማው ይሞታል።

ስለዚህ ግጥሙን በትንፋሹ ልክ እንደገና ይጻፉት፤ በምታቆምበት ሁሉ ሰረዝ ያድርጉ። የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ አድርገው፣ ሳይዘፍኑ፣ እያጨበጨቡ ብቻ ይናገሩት። ከ0.5 በታች አያውርዱት፤ ድምፁ ይላላና የፊደሉ መነሻ ይጠፋብዎታል። አፍዎ ሳይደናቀፍ ሦስት ጊዜ ከተከታተለ በኋላ ወደ ሙሉ ፍጥነት ይመለሱ።

ሌላው የሚያስዘገየው የምት ቆጠራ ነው። በጃፓንኛ የሚረዝም አናባቢ ሁለት ምት ነው፤ ቶኪዮ «ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ» ተብሎ አራት ይቆጠራል። በቃል መጨረሻ ያለ «ን»ም ራሱን የቻለ ምት አለው። የሚጠብቀው ድምፅም እንዲሁ፤ «ቶታ» (ያዘ፣ አነሳ) ሲሉ «ታ» ይጠብቃል፣ ሦስት ምት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው፤ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለወጥ እናውቃለን። ችግሩ ፊደላችን መጥበቁን አያሳይም፤ ከላዩ ሁለት ነጥብ ያድርጉበት። «ትሱ» የሚለውንም «ጹ» ብለው አይጻፉት፤ «ጹ» ይፈነዳል፣ የእነሱ ለስላሳ ነው።

ጥያቄ፦ ይኸው ዘፈን ያለበት ከጃፓን የመጣ ትንሽ ሲዲ አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ላጫውተው?

መልስ፦ በፍጹም። ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመኪና ማጫወቻ በስንጥቅ የሚውጠው ለ12 ሴንቲ ሜትር ተሠርቶ ስለሆነ ትንሹን መሐል ላይ ማስቀመጥም መልሶ መትፋትም ያቅተዋል፤ ለማውጣት ማጫወቻውን መፍታት ይጠይቃል። ዙሪያውን የሚያሰፋው የፕላስቲክ ቀለበትም ውስጥ ሊወልቅ ስለሚችል አያድንም። መሳቢያ ያለው ማጫወቻ ይፈልጉ፤ መሳቢያው መሐል ላይ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ክብ ካለች ቦታው እሷ ናት። ንባቡ ከመሐል ወደ ውጭ ስለሆነ ማነሱ ድምፁን አይነካውም። ማጫወቻው በጎኑ የቆመ ከሆነ ግን ይወድቃል። ሲዲው የመጣበትን ቀጭን ረጅም ካርቶንም አይጠፉት። መሐል ላይ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሳይታጠፍ የቆየው ግን ይበልጥ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ «አውቶማቲክ» በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ ስንተኛ እንደወጣ ሳነብ፣ አንዱ ቦታ 2ኛ፣ ሌላው ቦታ 4ኛ ይላል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም። በ12 እና በ8 ሴንቲ ሜትር ሲዲ ስለወጣ ኦሪኮን የተባለው የጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ ለየብቻ ቆጠራቸው፤ ትልቁ 2ኛ፣ ትንሹ 4ኛ ደረሰ። ሽያጫቸው ሲደመር ከ2 ሚሊዮን ያልፋል።