የቲኬቱን ሰዓት በእኛ ሰዓት ቀይረህ ጻፍላቸው

ወንድሜ፣ እናትህ ከብቸና ተነስተው ሜሪላንድ ያለችውን እህትህን ሊጠይቁ እንደሆነ፣ ቪዛውም እንደተገኘ፣ ብቻቸውን ስለሚሄዱ ምን ልጠንቀቅ ብለህ ጠይቀሃል። እኔም በ2012 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ልጄ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ወር ያህል ተቀምጬ መጥቻለሁ። የፓስፖርቱንና የሻንጣውን ኪሎ ሌሎች ነግረውሃል። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርህ።

1. የቲኬቱን ሰዓት አንተው ራስህ አንብበው። ዘመድ አይቶታል፣ ቆራጩ ነግሯቸዋል ብለህ እንዳትተወው።

የእኔ ቲኬት ዲሴምበር 3፣ 01:15 ይላል። ቀኑን በትክክል ቀይሬዋለሁ፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 23፣ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱን ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ብዬ ያዝኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የእነሱ ሰዓት ከእኛ በስድስት እንደሚለይ አጥቼው አይደለም። ዓይን ግን የሚያነበው የለመደውን ነው። 01:15 ማለት ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። በዚያ ላይ በእኛ አቆጣጠር ያ ሌሊት የሰኞ ነው፤ ሳይነጋ ማክሰኞ አንልም። እነሱ ዘንድ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ገብቷል። ስለዚህ እናትህን «በረራሽ ማክሰኞ ነው» ካልካቸው ሰኞ ማታ ጸሎታቸውን አድርሰው ይተኛሉ፤ አውሮፕላኑም ተኝተው ሳለ ይነሳል። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት ትወጫለሽ» ብለህ በትልቁ ጻፍላቸው።

እኔ ኅዳር 20 ከማርቆስ ወጥቼ፣ አባይን ተሻግሬ፣ የጽዮንን ዕለት አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ ቤት ሆኜ አስቀደስኩ። ሰኞ ማታ በጊዜ ተኛሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስን። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀቴን ተቀብሎ ወደ መብራቱ ጠጋ አለና ጣቱን 01:15 ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ከሄደ ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ወንበር ያመጣልኝ እሱ ነው።

ሲነጋ ወደ ቲኬት ቢሮው ሄድን። አንዲት ወጣት ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳትል «ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለችኝ። ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ሴት! አልመለስኩላትም፤ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። በእሷ ዕድሜ ያሉ ስንት ተማሪዎቼ ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል፣ አንዳቸውም እንዲህ አይናገሩኝም። ለማንኛውም ከእሷ የሰማሁትን አንተም እወቅ፦ በደርሶ መልስ ቲኬት የመጀመሪያው በረራ ሲያመልጥ የቀረው ሁሉ፣ መመለሻው ጭምር፣ ይሰረዛል። እንደማይደርሱ ካወቃችሁ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደውላችሁ አስለውጡ፤ ከተነሳ በኋላ ግን ቅጣቱ ሌላ ነው። ልጄ 420 ዶላር ጨመረች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራች የምታገኘው ገንዘብ ነው። አምስት ቀን ቦታ ጠብቄ ኅዳር 28 ሄድኩ።

መንገዱንም አስብበት። ከብቸና አዲስ አበባ ሩቅ ባይሆንም የአሁኑን የመንገድ ሁኔታ ታውቀዋለህ፤ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለው ይግቡ።

2. ዊልቸር ይጠየቅላቸው። ክፍያ የለውም፤ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ቀደም ብሎ ማስመዝገብ ነው። እናትህ እግራቸው ጤነኛ ቢሆንም የሚገፋቸው ሰው አውሮፕላን በሚቀይሩበት አገር በር እየፈለጉ እንዳይንከራተቱ ያደርጋል። እኔ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ እምቢ አልኩ፤ በሩ ተቀይሮ ኖሮ ስጠይቅ ስመለስ ደረቴ እስኪቃጠል ሮጫለሁ።

3. የሥጋ ዘር እንዳይዙ፤ ቋንጣም ቢሆን። ሽሮና በርበሬ ግን ይገባል። የቡሬ በርበሬዬና ድርቆሼ ሲያልፉ ለልጅ ልጄ ያልኩት ቋንጣ ቀረ። የያዝኩትን ሁሉ ስለተናገርኩ አልተቀጣሁም፤ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው። ደግሞ ቪዛው ላይ ያለው ቀን የመግቢያ ነው፤ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚወስነው እዚያ አየር ማረፊያ የሚቀበላቸው መኮንን ነው፤ እህትህ ያን ቀን አይታ ትያዝ።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ብቸኝነቱ ነው፤ እሱ ግን በቁጥር አይነገርም። እህትህ ሥራ ትውላለች፣ ልጆቹ መዋያ ናቸው፣ እናትህ ከአራት ግድግዳ ጋር ይውላሉ። በታኅሣሥ እዚያ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጎረቤት በር አያንኳኳም፣ ቡና ጠጡ የሚል የለም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት መስኮት ላይ ተቀምጬ መኪና ስቆጥር ዋልኩ። ማርቆስ ልደውል ስል ደግሞ ሰዓቱ አይገጥምም፤ በክረምታቸው አገር ቤት በስምንት ሰዓት ይቀድማል፣ እዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። የሚደወለው ያኔ ነው።

ያዳነኝ እንዝርቴ ነው። ባዘቶና እንዝርት ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር (በእጅ ቦርሳ እንዳይሆን፣ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል)። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መፍተል ያዝኩ። እንዝርቱን ጭኔ ላይ ሳሽ አድርጌ ስለቀው ሲሾር የልጅ ልጄ፣ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ከመዋያ እንደተመለሰች ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች። ክሩ ሲቀጥን ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲበጠስ «ኦ!» ትላለች። አማርኛ ብዙም አትሰማም ነበር። መጀመሪያ አጥርታ የተናገረችው «ፍተይ» የሚለውን ነው። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ነበር፣ ልጄ ፈቃድ አላገኘችም፤ ከሰዓት በረዶ ጣለ፤ እኔና ሕፃኗ ሻማ አብርተን ስንፈትል ዋልን። ከዚያ ቤት ካሳለፍኩት ቀን ሁሉ የምወደው ያንን ነው።

የካቲት ላይ አራት ልቃቂት ይዤ ተመለስኩ። ማርቆስ ያለ ሸማኔ ነጠላ አደረገልኝና ሰው ሲሄድ ላክሁላት። እናትህ ባይፈትሉ እንኳ እጃቸው የለመደውን አንድ ነገር ይያዙ። ስፌት ከሆነ አለላና አክርማው ይገባ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅላቸው፤ እዚያ አይገኝም።

አሁን ቲኬቱን አውጣና ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ስምም ቁጥርም አያስፈልግም። መቼ ማታ፣ በስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጡ በእኛ አቆጣጠር ቀይሬ እመልስልሃለሁ።